ባለቤቴን ሁሉም ያመሰግናታል፤ ልጄ ግን አኩርፋታለች

ጥያቄ፦

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ባለቤቴ በሞት ከተለየችን አሥራ አንድ ወር ሆነ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአዋላጅ ነርስነት ያገለገለች፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመኗንም በአንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ያሳለፈች ሴት ነበረች። ሕመሟ ካንሰር ነበር፤ የታወቀውም ዘግይቶ ስለነበር በወጉ ለመሰነባበት እንኳ ጊዜ አላገኘንም። የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ልጅና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አሉን።

የሥራ ባልደረቦቿ በሙት ዓመቷ የመታሰቢያ ዝግጅት ሊያደርጉላት፣ ጀማሪ አዋላጆች የሚሠለጥኑበትንም ክፍል በስሟ ሊሰይሙ ወስነዋል። እኔም ንግግር እንዳደርግ ጠይቀውኛል። ከዚህ ሌላ በክፍሉ ውስጥ በመስተዋት ሣጥን የሚቀመጥ የእርሷ የሆነ ነገር እንድሰጣቸው፣ በተለይም ደረቷ ላይ ትሰካው የነበረውን ሰዓትና ያዋለደቻቸውን ሕፃናት ትመዘግብበት የነበረውን የግል ደብተር እንዳመጣላቸው ለምነውኛል። በተሰጣት ክብር ደስ ብሎኝ ለልጆቼ ብነግራቸው፣ ሴት ልጄ ፊቷ ተለዋወጠና «በሕይወት እያለች ወስደውብናል፤ አሁን ደግሞ ከሞተች በኋላም ሊወስዷት ነው? እኔ አልሄድም» አለችኝ። እናቷ በትምህርት ቤት በዓሎቿ ላይ እንዳልተገኘች፣ ከሌሊት ተራ ስትመለስ ፀጉሯን ላበጥርልሽ ብላ ተቀምጣ ማበጠሪያውን እንደያዘች እንቅልፍ ይጥላት እንደነበር፣ የምረቃዋ ዕለትም የደረሰችው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ እንደነበር አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እናቷ ለእነርሱ ስትል የከፈለችውን የማውቀው እኔ ነኝና ተቆጣኋት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አንነጋገርም።

ወንድ ልጄ ስለ እናቱ አንድም ነገር አይናገርም። ሰዓቷን ግን ባትሪውን አስቀይሮ ትራሱ ሥር አድርጎት እንደሚተኛ አይቻለሁ፤ እንዴት ብዬ «ስጠኝ» ልበለው? ደብተሩን ደግሞ እኔ ራሴ ገልጬ አነበብኩት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የእናትየዋ ስም፣ የሕፃኑ ፆታና ክብደት፣ አልፎ አልፎም አጭር ማስታወሻ አለበት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ስለ እኛ ግን አንድ ቃል የለም። ይህ ለምን እንደከፋኝ ለራሴም አልገባኝም።

ሰዎች «ቅድስት ነበረች» ይሉኛል፤ ልጄ «ቤት ውስጥ አልነበረችም» ትለኛለች። እዚያ መድረክ ላይ ቆሜ የማስታውሰው የትኛዋን ሴት ነው? ደግሞስ ዓመት ሊሞላት ሲል ሐዘኔ እየቀለለ መሄድ አልነበረበትም? እባክዎ ይምከሩኝ።

ግራ የገባኝ አባት

መልስ፦

ውድ ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለልጆችዎም መጽናናቱን ይስጣችሁ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ይበልጥ ያስጨነቀዎት ንግግሩ ይመስላል፤ እኔ ግን ከንግግሩ በፊት ከልጅዎ ጋር የገባችሁበት ዝምታ መፍትሔ ቢያገኝ እወዳለሁ፤ ከእርሷ ጋር ሳይነጋገሩ የሚጽፉት ንግግር ምንም ያህል ቢያምር ባለቤትዎን ከሚያውቋት ሰዎች አንዷን ውጭ አስቀርቶ የሚነበብ ይሆናልና። ስለዚህ ከልጅዎ ልጀምር።

ልጅዎ የተናገረችውን እንደ ክስ ሰሙት፤ ሟቿ ራሷ መልስ መስጠት ስለማትችልም በእርሷ ፈንታ ለመከላከል ተነሡ። ይህን ያደረጉት ባለቤትዎን ስለሚወዱ ነው፤ ማንም አይፈርድብዎትም። ነገር ግን ከዘረዘረቻቸው ነገሮች መካከል ማበጠሪያው እንዳለ ልብ ይበሉልኝ። ሌሊቱን በእግሯ ቆማ ያደረች እናት ወደ መኝታዋ ከመሄዷ በፊት ከልጇ ጀርባ ተቀምጣ ፀጉሯን ለማበጠር ትሞክራለች፤ እጇ እየከበደ ይሄድና ይቆማል። ልጅዎ ይህን የነገረችዎ እንደ ቅሬታ ነው፤ ቅሬታውም እውነተኛ ነው፤ ሕፃን ልጅ ነቅታ የምትሰማት እናት ትፈልጋለችና። ሆኖም ያን የእጅ ክብደት እስከ ሃያ ሰባት ዓመቷ ያልረሳች ልጅ እናቷን የጠላች ልጅ አይደለችም። እንዳይበቃት የተነጠቀችውን እናት ነው የምታለቅሰው፤ ያለቀሰችውም በቁጣ ቋንቋ ነው። አብረው ለመቀመጥ ፈቃደኛ ስትሆን አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቋት እወዳለሁ፦ «እናትሽ እንዲያ እንቅልፍ ሲጥላት አንቺ ምን ታደርጊ ነበር? ትቀሰቅሻት ነበር ወይስ ዝም ብለሽ ትቀመጪ ነበር?» መልሱን እኔ አላውቀውም፤ እርስዎም ላያውቁት ይችላሉ። ምን ትል እንደሆነ አስቀድመው ሳይገምቱ ይስሟት።

በዚያ ውይይት ላይ አንድ ፈተና ይገጥምዎታል፤ እርሱም የባለቤትዎን ሥራ ለማስረዳት የሚመጣብዎት ጥድፊያ ነው። ማስረጃው በእርግጥ በእጅዎ አለ። ምጥ የተረኛ መቀያየሪያ ሰዓትን አይጠብቅም፤ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን አሥራ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላም ሥራው አያልቅም፤ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ በዓለም ዙሪያ እናቶችን ከሚገድሉ የወሊድ ችግሮች ቀዳሚው በመሆኑ፣ አዋላጇ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የወላዷን የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የማሕፀን መኮማተር በየአሥራ አምስት ደቂቃው መከታተል አለባት። እንዲህ ያለውን ታካሚ ለሌላ ሰው በጥድፊያ አስረክባ ጋውኗን አውልቃ ወደ ምረቃ መሮጥ ያልቻለች አዋላጅ ልጇን ስለናቀች አይደለም የዘገየችው። ይህን ሁሉ ልጅዎ አንድ ቀን ከእርስዎ አፍ ብትሰማው መልካም ነው። ነገር ግን አስቀድማ ሳትደመጥ የሚሰጣት ማብራሪያ «ዝም በይ» ከማለት የተለየ ሆኖ አይሰማትም። በመጀመሪያ «ልክ ነሽ፤ አልነበረችም፤ አንቺም ጎድሎብሽ ነበር» ይበሏት፤ ከዚያ በኋላም «ነገር ግን» የሚለውን ቃል አያስከትሉ። የሥራው ነገር እርሷ ስትጠይቅ ይደረስበታል፤ ምናልባትም በዚያው ቀን ላይሆን ይችላል።

ንግግሩ እንዲጀመር በር የሚከፍቱት እርስዎ መሆን ያለብዎት ይመስለኛል። በስልክ ወይም በወንድሟ በኩል አያድርጉት። ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ የመታሰቢያው ጉዳይ ሳይነሣ፣ «ያን ቀን የተናገርሽውን ሳልሰማሽ ነው የተቆጣሁሽ፤ አሁን ልሰማሽ እፈልጋለሁ» ቢሏት ይበቃል። በዝግጅቱ ላይ እንድትገኝ በዚያ ጊዜ አይጠይቋት፤ ይቅርታው ለጥሪው መግቢያ የቀረበ እንዳይመስላት።

ወደ ደብተሩ ልምጣ። ያነበቡትን ሁሉ ካነበቡ በኋላ የከፋዎት ነገር በጣም ይገባኛል፤ እንዲያውም ከደብዳቤዎ ውስጥ ልቤን የነካው ይህ ክፍል ነው። ስለ እናንተ የተጻፈ አንድ መስመር ፈልገው ነበር፤ ምናልባትም ከመድረኩ በፊት ለልጅዎ የሚያሳዩት፣ «ይኸው፣ አስባሽ ነበር» የሚሉበት አንድ መስመር። አላገኙም። ሆኖም ደብተሩ ከመጀመሪያውም የተዘጋጀው ለዚያ አልነበረም። አዋላጆች እንዲህ ያለ መዝገብ የሚይዙት ሥራቸውን ለመከታተል፣ ካለፈው ለመማር፣ አንዳንዴም ያለፈባቸውን ከባድ ሌሊት በሁለት ቃላት ከራሳቸው ላይ ለማውረድ ነው። ቤቷን በዚያ ውስጥ አለማስገባቷ ምናልባት ሁለቱን ለይታ የመጠበቅ ፍላጎቷ ይሆናል። እስኪ ያስቡት፤ በዚያ ደብተር ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ወላድ ከተመዘገበች በኋላ ብዕሩን አስቀምጣ የምትመለሰው ወደ ማን ነበር? በምትገባበት ጊዜ ምን ታደርግ ነበር? ስለ እናንተ ያላትን ነገር የሚያውቀው ያ ሰዓት ነው፤ የዚያን ሰዓት ምስክሮችም እናንተ ናችሁ።

ደብተሩ በመስተዋት ሣጥን ይቀመጥ የሚለውን ግን በግልጽ ልቃወም። በውስጡ የእናቶች ስም፣ የወለዱበት ቀንና ሰዓት፣ ስለ ሁኔታቸው የተጻፈ ማስታወሻ አለ። የጤና ባለሙያ የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ በሥራ መልቀቅም ሆነ በሞት አያበቃም፤ ባለቤትዎ ለዓመታት የጠበቀችውን አደራ አሁን የተረከቡት እርስዎ ነዎት። ስሞቹን ሸፍኖ አንድ ገጽ ማሳየትም ቢሆን አይመከርም፤ ቀኑና ሰዓቱ ብቻ አንዲትን እናት ለሚያውቋት ሰዎች ሊያሳውቃት ይችላልና። ለባልደረቦቿ «የታካሚዎች ምስጢር ስላለበት አልሰጥም» ቢሏቸው የሚቀየም አይኖርም፤ ሙያቸው ነውና ከማንም በላይ ይረዱታል። ይኸው ጥንቃቄ በንግግሩም ላይ ይሠራል። «በዚያ ሌሊት እንዲህ የሆነችውን ሴት አዳነቻት» የሚል ታሪክ ከመናገር ይቆጠቡ። ባለቤትዎ ያዋለደቻት እናት ራሷ መጥታ መናገር ከፈለገች ግን ታሪኩ የራሷ ነውና መድረኩ ይሰጣት።

ሰዓቱ ደግሞ የልጅዎ ነው። ማንም በይፋ ባይሰጠውም የእርሱ ሆኗል። እናቱ በአንድ ጆሮዋ የፅንሱን የልብ ምት በፌቶስኮፕ እያዳመጠች በዓይኗ አንድ ሙሉ ደቂቃ የምትቆጥርበት፣ ምቱም ከ110 እስከ 160 መካከል መሆኑን የምታረጋግጥበት መሣሪያ ነበር፤ ልጅዎ ያን ሰዓት እንዳይቆም ባትሪውን ማስቀየሩ ስለ እናቱ ከሚናገሩት ከብዙዎቹ በላይ የሚናገር ነገር ነው። ስለዚህ አይጠይቁት፤ ትራሱ ሥር ማየትዎንም አይንገሩት። ለመስተዋት ሣጥኑ ፌቶስኮፗን ወይም በሥራ ልብሷ የተነሣችውን ፎቶግራፍ መስጠት ይበቃል። ለልጅዎ ግን በዝግጅቱ ላይ መናገር የማይጠይቅ አንድ ሥራ እንዲመርጥ ዕድል ይስጡት፤ ፎቶግራፎቹን መምረጥ ሊሆን ይችላል፣ ንግግርዎን በኮምፒውተር መጻፍም ሊሆን ይችላል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይናገረውን ጎን ለጎን ሆኖ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ይናገረዋል።

አሁን የትኛዋን ሴት ላስታውስ ወዳሉት ጥያቄ እንምጣ። «ቅድስት ነበረች» የሚሉዎት ሰዎች ከልባቸው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ በምጣቸው ሌሊት አጠገባቸው የቆመችውን ሴት ሌላ ምን ይበሏት? ይሁን እንጂ ይህ አነጋገር ሁለት ወገኖችን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያ ልጅዎን ይጎዳታል፤ ቅድስት በተባለች እናት ላይ ቅሬታ ያላት ልጅ ጥፋተኛዋ ራሷ ሆና ትቀራለችና። ቀጥሎም በዚያ ክፍል ተቀምጠው የሚሠለጥኑትን ጀማሪ አዋላጆች ይጎዳቸዋል። ስሟ በበሩ ላይ የተጻፈላት ሴት አትደክምም ነበር፣ አትከፋም ነበር፣ ቤቷንም አታስብም ነበር ተብለው ካደጉ፣ እነርሱም ድካማቸውን መደበቅ ይማራሉ። የጤና ባለሙያን እንቅልፍና ቤተሰብ እንደማያስፈልገው ሰው አድርጎ ማመስገን ለእኔ ምስጋና ሆኖ አይታየኝም። እርስዎ በዚያ መድረክ ላይ «ባለቤቴ በጣም ትደክም ነበር፤ የሥራዋን ዋጋ እርሷ ብቻ ሳትሆን ልጆቼም ከፍለዋል» ብለው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ፣ የሚቀንስባት ክብር የለም። እንዲያውም ሰምቶ የሚያመሰግናት ሰው በምን ዋጋ እንደተገለገለ ያውቃል።

ለንግግሩ ዝግጅት፣ አብረዋት ተራ ይገቡ ከነበሩ ባልደረቦቿ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ለየብቻ ያነጋግሯቸው። «እንዴት ያለች ሰው ነበረች?» ብለው ከጠየቋቸው «ጥሩ ነበረች» የሚል መልስ ነው የሚያገኙት። ይልቁንም ወደ ክፍሉ ስትገባ መጀመሪያ ምን ታደርግ እንደነበር፣ በተረኛ ርክክብ ላይ ምን ሳይነገራት እንደማታልፍ፣ በምን እንደምትቆጣ፣ ነገር ሲከብድባት ወዴት ዞር ትል እንደነበር ይጠይቋቸው። ከቤት በኩል ደግሞ ልጆችዎ የፈቀዱትን ብቻ ይጨምሩ። ማበጠሪያውን መጥቀስ ሊያምርዎት ይችላል፤ ትዝታው ግን የልጅዎ ነውና እርሷ «ይነገር» ካላለች አይንኩት። ንግግሩ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። በትልልቅ ፊደል ይጻፉት፤ ድምፅዎ ቢቋረጥ ተቀብሎ የሚጨርስልዎት ሰውም አስቀድመው ይምረጡ። መድረክ ላይ ማልቀስ ነውር የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎት። በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ለታካሚዎቿ ምን እንደነበረች፣ ለልጆችዎም ምን እንደነበረችና ምን እንዳልነበረች ነግረውኛል። ለእርስዎ ምን ነበረች? ስለዚህ የጻፉት ነገር የለም። እርስዎስ የሌሊት ተራዎቹን ብቻዎን አልፈዋቸዋል፤ ልጆቹን ያስተኟቸው፣ ምረቃው ላይ ባዶ ወንበር አጠገብ የተቀመጡትም እርስዎ ነዎት። ምናልባት በልጅዎ ላይ ቁጣዎ የበረታው፣ እርሷ የተናገረችው ነገር በእርስዎም ልብ ውስጥ ስላለ ይሆን? እንደዚያ ከሆነ በእርሷ ላይ ቅር መሰኘትና እርሷን መናፈቅ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው የሚኖሩ ነገሮች ናቸውና አይፍሩት። የመድረኩን ንግግር ከመጀመርዎ በፊት ማንም የማያነበው ደብዳቤ ለባለቤትዎ ይጻፉ፤ የሚናፍቋትን ነገር ከትንሹ ጀምረው፣ ያልነገሯትንም ሳያስቀሩ። ከዚያ ውስጥ ለመድረኩ የሚሆን አንድ አንቀጽ ቢወጣ መልካም፤ ባይወጣም ምንም አይደለም።

ሐዘኔ ለምን አልቀለለም ላሉት፣ ለሐዘን የተቆረጠ ደረጃና ቀን የለውም እላለሁ። ብዙዎች የሚያውቋቸውን አምስቱን «የሐዘን ደረጃዎች» ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ስታቀርብ፣ የተነሣችው ራሳቸው በሞት አፋፍ ላይ ከነበሩ ሕሙማን ጋር ካደረገችው ውይይት እንጂ ከሞት በኋላ የቀሩትን ቤተሰቦች የጊዜ ሰሌዳ ለማውጣት አልነበረም። ከእርሷ በኋላ የመጡት የሐዘን ተመራማሪዎች ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዱት፣ ሐዘንተኛ ሰው አንዴ ወደ ማጣቱ፣ አንዴ ደግሞ ወደ ዕለት ኑሮው እየተመላለሰ ነው የሚኖረው። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሦስት ሰዎችም በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ላይገናኙ ይችላሉ፤ በእናንተ ቤት የሆነውም ይህ ይመስለኛል። የሙት ዓመት ሲቃረብ ሐዘን እንደገና መበርታቱም የተለመደ ነው። ሆኖም ዓመቱ ካለፈ በኋላ በአብዛኛዎቹ ቀናት ናፍቆቱ ሥራ የሚያስፈታ፣ ከሰው የሚያርቅ፣ ኑሮን ትርጉም የሚያሳጣ ሆኖ ከቀጠለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በሕክምናው መዝገብ የራሱ ስም ያለው «የተራዘመ ሐዘን» ሊሆን ስለሚችልና የሚረዳ ሕክምናም ስላለው፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። የመሞት ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ዓመቱን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ለሰው ይንገሩ፤ ወደ ሐኪምም ይሂዱ።

ልጅዎ ሁሉንም ተነጋግራችሁ በኋላም ወደ ሆስፒታሉ አልሄድም ልትል ትችላለች። እሺ ይበሏት፤ ለእንግዶቹም ምክንያት አይፍጠሩላት፤ «ዛሬ አልተመቻትም» ማለት በቂ ነው። ከዚያው ሳምንት ሌላ ቀን መርጣችሁ ሦስታችሁ ብቻ በቤታችሁ ብታስታውሷት፣ ሐኪሞችና ነርሶች የማያውቋትን ሴት የምታስታውሱት እዚያ ነው። ባልደረቦቿም የሚያስታውሷት ሴት እውነተኛ ናት፤ ልጅዎ የምታስታውሳትም እንዲሁ።

በመጨረሻም ስለ ራስዎ ጤና። ሚስቱን ያጣ ባል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ለሕመምና ለሞት ይበልጥ እንደሚጋለጥ በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ነው። በቤታችሁ ውስጥ የደም ግፊትዎን የምትለካ፣ መድኃኒት የምታስታውስ፣ «ታየው» የምትል ባለሙያ ነበረች፤ ይህን ሥራ አሁን የያዘው ሰው የለም። ምን ያህል ይተኛሉ? ምግብ ይበላሉ? ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመሩት መቼ ነው? ከመታሰቢያው ዕለት በፊት ለሙሉ ምርመራ ቀጠሮ ይያዙ፤ ለልጆችዎም ቀኑን ይንገሯቸው፤ ሴት ልጅዎ «አብሬህ ልሂድ» ካለችም እምቢ አይበሏት።